ዋጋው ያልታወቀለት ተጫዋች፤ ከ«ፋንታሲ» ሰንጠረዥ እስከ ሰፈራችን ሜዳ

በጎንደር አራዳ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ይወጣል። አንደኛው «ኩንታሉ ስንት ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ዱቄቱ ውሃ ያነሳል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ዋጋ ይባላል፤ ሁለተኛው ግን ጤፉ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶና ተጋግሮ የሚሰጠውን ጥቅም የሚገልጽ ነው። አስተዋይ ሸማች የምታተርፈው በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ያለውን ልዩነት ከሌላው ቀድማ ስትረዳ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው የገበያ ጥበብ በእግር ኳስ ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተሉ በርካታ ወጣቶች ጨዋታውን የሚያዩት ለሚደግፉት ክለብ ብለው ብቻ አይደለም፤ በስልካቸው ላይ ላዋቀሩት የ«ፋንታሲ» ቡድን ነጥብ ጭምር ነው። ይህ መዝናኛ መስሎ የሚታይ ጨዋታ በውስጡ የፕሮባቢሊቲን፣ የስታቲስቲክስንና የኦፕሬሽንስ ሪሰርች ትምህርትን አጭቆ የያዘ ነው።

የጨዋታው ምንነት

ፋንታሲ ማለት በእውነተኛ ተጫዋቾች የሚመሠረት ምናባዊ ቡድን ነው። የዘመናዊው ጨዋታ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ዳንኤል ኦክረንት የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1980 ከጓደኞቹ ጋር በቤዝቦል ላይ የጀመረው ውድድር ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይፋዊ ፋንታሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002/03 የውድድር ዘመን ሲሆን፣ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የዚህን ሁሉ ሕዝብ ሰንጠረዥ ለጊዜው በአንደኛነት የመራው የወቅቱ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ማግነስ ካርልሰን ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። ተሳታፊው 100 ሚሊዮን ምናባዊ ፓውንድ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ 2 ግብ ጠባቂዎችን፣ 5 ተከላካዮችን፣ 5 የመሐል ተጫዋቾችንና 3 አጥቂዎችን ይገዛል፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይችልም። አጥቂ ግብ ሲያስቆጥር 4፣ የመሐል ተጫዋች 5፣ ተከላካይ ደግሞ 6 ነጥብ ያስገኛል። ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣ ተከላካዩ 4 ነጥብ ሲያገኝ የመሐል ተጫዋቹ የሚያገኘው 1 ብቻ ነው። 100 ሚሊዮኑ ለ15 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 6.7 ሚሊዮን ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ በአንዱ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ ለሌላው መግዣ ይሆናል፤ ዋጋው ያልታወቀለትን ተጫዋች መፈለግም የጨዋታው ቁልፍ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋን የሚወስነው ማን ነው?

ዋጋ የተሳሳተ መሆኑን ለማወቅ በቅድሚያ ዋጋው ከምን እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ለንጽጽር የሩቁን አገር እንመልከት። አውስትራሊያውያን በራሳቸው ሕግ ለሚጫወቱት እግር ኳስ በሚያካሂዱት ፋንታሲ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ነጥብ የታወቀ ነው፤ ኳስን በእግር መምታት 3፣ በእጅ ማቀበል 2፣ ባላጋራን ይዞ ማስቆም 4፣ ግብ 6 ነጥብ ያስገኛል። የተጫዋቹ መነሻ ዋጋ በዋነኛነት ካለፈው ዘመን አማካይ ነጥቡ የሚሰላ ሲሆን በየሳምንቱም የቅርብ ጊዜ ውጤቱን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። በጉዳት ምክንያት ዓመቱን ሳይጫወት የከረመ ጎበዝ ተጫዋች በቅናሽ ስለሚቀርብ፣ የዚያ አገር ተሳታፊዎች በቅድሚያ የሚያስሱት ከሕመሙ ያገገመውን ሰው ነው።

በእንግሊዙ ፋንታሲ ግን መነሻ ዋጋውን አዘጋጆቹ ይተምኑታል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው የሚንቀሳቀሰው በተጫዋቹ ነጥብ ሳይሆን ተሳታፊዎች በብዛት ሲገዙት ወይም ሲሸጡት ነው። በአጭሩ፣ የአውስትራሊያው ዋጋ ትናንትን ይከተላል፤ የእንግሊዙ ዋጋ ደግሞ ሕዝብን ይከተላል። ሁለቱም ነገን አያዩም። ዋጋው ያልታወቀለት ተጫዋች ማለትም ነገ ይሰጣል ተብሎ በምክንያት የሚጠበቀው ነጥብ ዛሬ ከተተመነለት ዋጋ የሚበልጥ ተጫዋች ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት በሦስት መንገዶች ይፈጠራል።

አንደኛ፤ የተሳሳተ ስም

እ.ኤ.አ. በ2019/20 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው ሼፊልድ ዩናይትድ ጆን ሉንድስትራም የተባለ ተጫዋች ነበረው። በሜዳ ላይ የሚጫወተው በመሐል ሲሆን በፋንታሲው መዝገብ ግን በተከላካይነት፣ በ4.0 ሚሊዮን ብቻ ሰፍሮ ነበር። ስለዚህ ወደ ፊት እየሄደ ሲያስቆጥር እንደ ተከላካይ 6 ነጥብ፣ ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት ሲወጣም 4 ነጥብ ያገኝ ነበር።

የዚህን ጥቅም መጠን በስሌት ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖይሶን እ.ኤ.አ. በ1837 ያሳተመው ቀመር እንደሚያሳየው፣ አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ λ ግብ የሚቆጠርበት ከሆነ ምንም ሳይቆጠርበት የመውጣት ዕድሉ በግምት ኢ ከኔጋቲቭ λ ኃይል ጋር እኩል ነው፤ እዚህ ላይ ኢ 2.718 የሆነው የታወቀው ቁጥር ነው። ሼፊልድ በ38 ጨዋታዎች 39 ግቦች ተቆጠሩበት፤ ማለትም λ 1.03 ያህል ነው። ቀመሩ 0.36 ይሰጠናል፤ ይህም በ38 ሲባዛ ወደ 13.6 ይጠጋል። ቡድኑ በተጨባጭ ግብ ሳይቆጠርበት የወጣው 13 ጊዜ ነበር። የቀመሩ ውጤት ከእውነታው ጋር ይህን ያህል ተቀራርቧል። በዚህ መሠረት በተከላካይነት የተመዘገበ ሰው ከዚህ ምንጭ ብቻ በጨዋታ 1.4 ነጥብ ያህል ሲጠብቅ በመሐል ተጫዋችነት የተመዘገበው 0.36 ብቻ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ ያረጀ መረጃ

ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. የ2014/15 የውድድር ዘመንን በ14ኛነት ስላጠናቀቀ በቀጣዩ ዓመት አልጄሪያዊው ሪያድ ማህሬዝ በ5.5 ሚሊዮን ብቻ ቀረበ። ተጫዋቹ በዚያ ዘመን 17 ግቦችን አስቆጥሮ፣ 240 ነጥብ አስገኝቶ የፋንታሲው አንደኛ ሆነ፤ ክለቡም ዋንጫውን አነሣ። ይህን የሚጠቁም ምልክት አስቀድሞ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ሌስተር ከቀደመው ዘመን የመጨረሻ 9 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፎ ነበር። የዓመቱ አማካይ ይህን ለውጥ በቀደሙት ሽንፈቶች ውስጥ ደብቆታል።

ሦስተኛ፤ ዕድል

ይሁን እንጂ 9 ጨዋታዎችን አይቶ መደምደም አደጋ አለው፤ ጥቂት ጨዋታ ብዙ ሊዋሽ ይችላልና። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር፣ እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው አጠር ብለው ወደ ሕዝቡ አማካይ የሚጠጉ መሆናቸውን አስተዋለ። በእግር ኳስም በዕድል የተገኘ ከፍታ ወደ አማካዩ መመለሱ አይቀርም። ስፔናዊው ሚቹ በስዋንሲ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012/13 18 የሊግ ግቦችን ሲያስቆጥር፣ ጉዳት በፈተነው በቀጣዩ ዘመን ግን 2 ብቻ አስቆጥሯል።

ዕድልን ከችሎታ ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። በጥቅሉ ሲታይ ከ10 ሙከራዎች አንዱ ግብ ይሆናል እንበል። ተጫዋች «ሀ» ከ8 ሙከራ 2 ግብ ቢያስቆጥር 25 በመቶ ይሆናል፤ ተጫዋች «ለ» ደግሞ ከ80 ሙከራ 16 ቢያስቆጥር 20 በመቶ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲታይ «ሀ» ይበልጣል። አሁን ለእያንዳንዳቸው በአማካዩ መሠረት 40 ምናባዊ ሙከራና 4 ግብ እንጨምር። «ሀ» 6 ከ48፣ ማለትም 12.5 በመቶ ይሆናል፤ «ለ» ደግሞ 20 ከ120፣ ማለትም 16.7 በመቶ። ደረጃው ተገለበጠ። ምናባዊዎቹ 40 ሙከራዎች የጥርጣሬያችን መጠን ናቸው፤ ማስረጃው እየበዛ ሲሄድ ጥርጣሬው እየቀለለ ይሄዳል።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሆናል፦ ነጥቡን ከማየት በፊት የነጥቡን ምክንያት መመርመር። ተጫዋቹ 90 ደቂቃ ይጫወታል ወይ? የቆመበት ቦታ ተለውጧል ወይ? ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው እርሱ ነው ወይ? ከ100 ፍጹም ቅጣት ምቶች 75 ወይም 80 ያህሉ ግብ ስለሚሆኑ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን ትልቅ ክብደት አለው።

ርካሽ ሁሉ ዋጋው ያልታወቀለት አይደለም

ብዙ ጀማሪዎች ነጥብን ለዋጋ በማካፈል ብቻ ይመርጣሉ። ይህ ግን ወደ ስሕተት ይመራል። 4.0 ሚሊዮን የተከፈለበትና 80 ነጥብ ያመጣ ተጫዋች ለአንድ ሚሊዮን 20 ነጥብ ሰጠ፤ 12.5 ሚሊዮን የተከፈለበትና 250 ነጥብ ያመጣም እንዲሁ 20 ሰጠ። ይሁንና ሜዳ የሚገባው 11 ሰው ብቻ በመሆኑ እያንዳንዱ ቦታም እንደ ገንዘቡ ውድ ነው። በርካሾች ብቻ የተሞላ ቡድን ገንዘብ ተርፎት ነጥብ ያጥረዋል። መሐመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ2017/18 በ9.0 ሚሊዮን ቀርቦ 303 ነጥብ ሲያመጣ፣ በ2024/25 ደግሞ በ12.5 ሚሊዮን 344 ነጥብ ማምጣቱ ውድ የሆነ ሰውም ዋጋው ያልታወቀለት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳናል።

በሒሳብ ቋንቋ ይህ በተወሰነ አቅም ከፍተኛውን ጥቅም የመፈለግ ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ያበረከተው የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ስሌት የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲሆን፣ ፋብሪካዎችና የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያቅዱትም በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህ ዕውቀት ለቤቲንግ ይሆናል?

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ስሌት በየከተማው ወደተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ሊወስዱት ይፈልጉ ይሆናል። እንግዲያው እዚያም እናስላ። ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ውጤቶች ቢኖሩ ትክክለኛው ክፍያ ለ1 ብር 2 ብር ነው። አቋማሪው ድርጅት 1.90 ከከፈለ የተወራራጁ 1 ብር በአማካይ 95 ሳንቲም ሆኖ ይመለሳል። አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት ሲደራረብ 0.95 አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 77 ይሆናል። አሥር ሲሆን 60 ብር ብቻ ይቀራል። በፋንታሲ ተቀናቃኛችን እንደ እኛው የሚገምት ሌላ ተሳታፊ ነው፤ ለመግባትም ገንዘብ አይጠየቅም። በውርርድ ግን ተቀናቃኙ ዋጋ ተማኙ ራሱ ሲሆን፣ ትርፉንም አስቀድሞ ከዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ለትምህርት ቤት ወጪ የተላከ ብር በዚህ መንገድ ሲሟጠጥ፣ የባከነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተማሪው ዓመትም ጭምር ነው።

ወደ ራሳችን ሜዳ

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በዚያው ዘመን 29 ግቦችን አስቆጥሮ የግብ አስቆጣሪዎቹን ሰንጠረዥ የመራው ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር። አቡበከር ያሳየው ብቃት ታላቅ መሆኑ አያጠያይቅም፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አምርቷል። ይሁንና ዋንጫውና የግብ ሰንጠረዡ ወደተለያዩ ክለቦች መሄዳቸው አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ግብ ብቻ ሲቆጠር የቡድን ሥራ አብዛኛው ክፍል ሳይቆጠር ይቀራል። ኳስ የሚነጥቀው፣ ክፍተት የሚዘጋውና የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ኳስ የሚያቀብለው ተጫዋች ስሙ የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ የለውም። መዝገብ የሌለው ተጫዋች ደግሞ የሚመዘነው በወሬና በዝና ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በሌሎችም የሰሜን ጎንደር ደጋዎች ከትምህርት በኋላ በዳገት ሜዳ የሚጫወት ተከላካይ ዋጋ ተተምኖለት ሳይሆን ጨርሶ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ይህን ለመለወጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ ሰዓት የያዘ ተማሪ በትምህርት ቤቶች ወይም በቀበሌዎች ውድድር ላይ የሚከተሉትን መመዝገብ ይችላል፦ እያንዳንዱ ተጫዋች የተጫወተውን ደቂቃ፣ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥና ውጪ የሞከረውን ሙከራ፣ ለሙከራ ያበቃውን ኳስ እንዲሁም ከባላጋራ የነጠቀውን ኳስ። የእያንዳንዱ ድምር ለተጫወተው ደቂቃ ተካፍሎ በ90 ሲባዛ ሁሉንም በእኩል መስፈርት ማነጻጸር ይቻላል። ከዚያም ከላይ የተመለከትነውን የጥርጣሬ ስሌት መጨመር ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር ስታቲስቲክስ የሚያጠኑ ተማሪዎች የክለብ ፈቃድም ሆነ በጀት አያሻቸውም። በመጪው ዘመን 10 ጨዋታዎችን የመዘገበ አንድ ክፍል ለአሠልጣኙ አንድ ስም ማቅረብ ይችላል፤ ስሙም ሁሉም የሚያውቀው ሳይሆን ቁጥሩ ብቻ የመሰከረለት ልጅ ሊሆን ይችላል።