ከሌላው አገር ልምድ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ትምህርት ቤቶች

ተላላፊ በሽታን የአገር ወሰን አይገድበውም። ስለሆነም አንድ መንግሥት ሌላው በመከራ ያገኘውን ልምድ አስቀድሞ ሊማርበት ይገባል። ለዚህ አብነት የሚሆነው የፈንጣጣ መጥፋት ነው።

በ1959 ዓ.ም. በምሥራቅ ናይጄሪያ ክትባቱ ለሁሉም የማይዳረስ ሆኖ ስለተገኘ፣ የጤና ሠራተኞች በሽተኛውን ፈልገው በዙሪያው ያሉትን ከተቡ፤ ወረርሽኙም ተገታ። በኢንዶኔዥያ ደግሞ የበሽተኛ ፎቶግራፍ ለተማሪዎች እየታየ፣ በየመንደራቸው ያለውን ሕመም እንዲጠቁሙ ተደረገ። ኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ዘመቻዋን ስትጀምር ሠራተኛው ጥቂት፣ አገሩም ሰፊ ስለነበረ፣ በሽተኛን ፈልጎ መክበብን ዋና ስልቷ አደረገች። የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የአገሪቱን ዝግጁነት መዘኑ።

ይሁን እንጂ በመዲና የተጻፈ ዕቅድ ብቻውን ወረርሽኝን አይገታም። ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና ሂርና ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሚኤሶም በጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ይገኛሉ። መንገደኛ በሚያርፍበት በሽታም ያርፋል። ቤተሰብ ነቀፌታን ፈርቶ በሽተኛውን ከሸሸገ፣ ሕመሙ ከገለምሶና ከበደሳ ገበያ ሳይታወቅ ይዛመታል።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ያሉ መምህራን የበሽታ ምልክቶችን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢያስተምሩ፣ ያልተለመደ ሕመም ሲታይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዕለቱ እንዲነገር ቢያለማምዱ፣ በተለይም ማሳወቅ ማዋረድ አለመሆኑን ቢያስረዱ፣ የሩቅ አገር ልምድ ከየቤቱ ይደርሳል። ይህም መከናወን ያለበት ወረርሽኝ ከመግባቱ በፊት ነው።