የስብሰባና የሥልጠና ተሳትፎን በመረጃ ቋት ስለ መመዝገብ

በጤና ተቋማት በሚካሄዱ የጠዋት ውይይቶች፣ የሞት ግምገማዎችና የሥራ ላይ ሥልጠናዎች ተሳታፊዎች በአብዛኛው በፊርማ ወረቀት ይመዘገባሉ። ወረቀቱ ማን እንደተገኘ ያሳያል፤ ማን እንደቀረ ግን አይናገርም። ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ ሕክምና ሥልጠና ከተሰጠ፣ ኃላፊው በቅድሚያ ሊያውቅ የሚገባው ከማዋለጃ ክፍል ባልደረቦች መካከል ሥልጠናው ያመለጠው ማን እንደሆነ ነው። የቀረው ባለሙያ በሌሊት ተራው ደም የሚፈሳት እናት ልትገጥመው ትችላለችና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ እንዴት እንደሚዋቀር ማብራራት ነው።

ተዛማጅ የመረጃ ቋት የሚባለውን ሐሳብ ያቀረበው በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970 ነበር። በዚህ አሠራር መረጃ በሠንጠረዦች ይቀመጣል፤ ሠንጠረዦቹም በመለያ ቁጥር ይያያዛሉ። ለጉዳያችን ሦስት ሠንጠረዦች ይበቃሉ፦

1. ሠራተኞች፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ ሙያ፣ የሥራ ክፍል።
2. ስብሰባዎች፦ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ቀን፣ የፈጀው ሰዓት።
3. ተሳትፎ፦ የሠራተኛው ቁጥር፣ የስብሰባው ቁጥር፣ ሁኔታ።

ሦስተኛው ሠንጠረዥ የሥርዓቱ እምብርት ነው። አንድ ሠራተኛ በብዙ ስብሰባዎች ይገኛል፤ በአንድ ስብሰባም ብዙ ሠራተኞች ይገኛሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ ረድፍ ይከፈትለታል፤ በኋላም "ተገኝቷል"፣ "በፈቃድ ቀርቷል" ወይም "ተረኛ ነበር" ተብሎ ይሞላል። የቀሩትን መለየት የሚቻለው የተጋበዙት ሁሉ አስቀድመው ሲመዘገቡ ብቻ ነው። የሠራተኛውና የስብሰባው ቁጥሮች ጥምረት እንዳይደገም ከተደረገ ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ ስብሰባ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

ስምን በመለያነት መጠቀም ስሕተት ነው። የራስና የአባት ስም አንድ የሆነ ባልደረቦች አይጠፉም፤ "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" ለእኛ አንድ ስም ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሞላ ቅደም ተከተሉ ይዛባል። ቀኑ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ተቀምጦ በሌላው መታየት ይችላል።

በሞት ግምገማ ላይ የተነሣ የታካሚ መረጃ በዚህ መዝገብ መግባት የለበትም። እንዲሁም በስብሰባ መገኘት ክህሎት ለመጨበጥ ማረጋገጫ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መዝገቡ ለቅጣት ብቻ ከዋለ ባልደረባ ለባልደረባው መፈረሙ አይቀርም። በሌላ በኩል "ተረኛ ነበር" የሚሉ ረድፎች ሲበዙ ለተረኞች ሥልጠናውን በሌላ ሰዓት መድገም እንደሚገባ ያመለክታሉ። የመዝገቡ ዋነኛ ጥቅምም ይኸው ነው።