ርቀት ለኪውና ምት መዝጋቢው፦ የጎልፍ የኪስ መሣሪያዎች ትውውቅ

ጎልፍ ተጫዋቹ አንዲትን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ በ18 ጉድጓዶች በተራ የሚያስገባበት፣ ይህንንም በጥቂቱ ምት የፈጸመው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። የኳሷ ስፋት ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም፤ የጉድጓዱም 108 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከ14 የማይበልጡ ዱላዎችን ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለታል። ዱላዎቹ በርዝመታቸውና በፊታቸው ዘንበልታ ስለሚለያዩ እያንዳንዱ ኳሷን የሚያደርስበት ርቀት የተለያየ ነው፤ በመሆኑም ተጫዋቹ ከእያንዳንዱ ምት አስቀድሞ ዒላማው ምን ያህል እንደሚርቅና የትኛው ዱላ እዚያ እንደሚያደርስ ማወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሲመልስ የኖረው ዱላ ተሸካሚና አማካሪ የሆነው ካዲ ነበር፤ ዛሬ ግን በኪስ፣ በእጅ አንጓና በዱላ እጀታ ላይ የሚውሉ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ተክተውታል ወይም አግዘውታል። ሁለተኛውን ጥያቄ በእውነተኛ ማስረጃ የሚመልሰው ግን ከእነዚህ መካከል እጅግ አነስተኛ ግምት የሚሰጠው ምት መዝጋቢው ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የሌዘር ርቀት መለኪያ፣ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ጉድጓዱን ወደሚያመለክተው ባንዲራ ልኮ፣ ብርሃኑ ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በመቁጠር ርቀቱን ያሰላል። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 150 ሜትር ርቆ ወደ ተተከለ ባንዲራ ሄዶ ለመመለስ የሚበቃው የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ መሣሪያው በአንድ ሜትር እንኳ እንዳይሳሳት ደግሞ ሰባት ቢሊዮንኛ ሰከንድ የማይሞላ የጊዜ ልዩነትን መለየት አለበት። እንዲህ ያለ ትክክለኛነት በመዳፍ ውስጥ መግባቱ ሊደነቅ ሲገባ፣ ብዙ ተጠቃሚዎች መሣሪያውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ገና ሳይቆሙ ይለኩና ከባንዲራው ኋላ ያለውን ዛፍ ርቀት ይወስዳሉ፤ ኳሷ ግሪኑን አልፋ ስትሄድም ጥፋቱን ለመሣሪያው ይሰጣሉ። ግሪን የሚባለው በጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ እጅግ አጥሮ የሚታጨደው ስፍራ ነው። የባንዲራው ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ክርንን ከደረት አስጠግቶ በሁለት እጅ መያዝና ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ ሦስተኛ መለካት የሚጠይቀው ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም።

በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ ላይ የሚገኘው የጂፒኤስ መሣሪያ በበኩሉ፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ተጫዋቹ የቆመበትን ቦታ ያውቅና፣ አስቀድሞ ከተጫነለት የሜዳ ካርታ ጋር በማስተያየት እስከ ግሪኑ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ያለውን ርቀት ያሳያል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 እስኪያቆም ድረስ ስህተቱ ወደ 100 ሜትር ሊደርስ ይችል ስለነበር፣ ያለ ተጨማሪ ማረሚያ ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የሚበቃ አልነበረም። ጂፒኤሱ የሜዳው ሠራተኞች ጉድጓዱን በዕለቱ ወዴት እንዳዛወሩት በራሱ አያውቅም፤ ሌዘሩ ደግሞ ከኮረብታ ኋላ የተሰወረውን ማየት አይችልም።

የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሁለት አካላት፣ ማለትም በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው አር ኤንድ ኤ እና የዩናይትድ ስቴትስ የጎልፍ ማኅበር፣ ርቀት መለኪያዎችን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በየውድድሩ ልዩ ፈቃድ እንዲውሉ፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ የውድድሩ ኮሚቴ ካልከለከለ በቀር በነጻ እንዲውሉ አድርገዋል። የተፈቀደው ግን ርቀትን ማወቅ ብቻ ነው፤ የመሬቱን ሽቅብና ቁልቁል ወይም የነፋሱን ፍጥነት መለካት በምት በሚቆጠር ውድድር የሁለት ምት ቅጣት ያስከትላል፤ ድጋሚ የተገኘበትም ከውድድሩ ይባረራል። ብዙ የሌዘር መሣሪያዎች የዳገት ማስሊያ ስላላቸው፣ ከውድድር በፊት ይህን ክፍል አለማጥፋት ይቅርታ የማይገባው ቸልተኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በኪያዋ አይላንድ የተደረገው የፒጂኤ ሻምፒዮና ከታላላቆቹ ውድድሮች መካከል መለኪያዎቹን በመፍቀድ ፈር ቀዳጅ የሆነ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ያሸነፈው የ50 ዓመቱ ፊል ሚከልሰን ነበር።

እዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ የሚመለከተው ዒላማውን ነው። በተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደው የተሳሳተ አስተሳሰብም ከዚሁ ይመነጫል፤ ይኸውም እስከ ባንዲራው ያለው ርቀት ከታወቀ የዱላ ምርጫው በራሱ ይመጣል የሚለው ነው። ተጫዋቹ መሣሪያው 150 ሜትር ካለው፣ 150 ሜትር ይመታበታል ብሎ የሚያምነውን ዱላ ይመዝዛል፤ ይህ እምነቱ ግን በአብዛኛው የተገነባው አንድ ጊዜ ነፋስ ከኋላው ሲገፋለት፣ ኳሷንም በዱላው ፊት መሐል በትክክል ሲያገኛት በሆነው ምርጥ ምት ላይ ነው። የሰው ትውስታ ምርጡን ይይዛል፤ አጥሮ የቀረውን ግን እንደ እንግዳ አጋጣሚ ቆጥሮ ይተወዋል። ከዱላው ፊት መሐል ውጪ የተመታች ኳስ ከትክክለኛው ምት ስለምታጥር፣ በምርጡ ምት ልክ ዱላ የሚመርጥ ሰው ዘወትር ከግሪኑ በፊት ባለው አሸዋ ውስጥ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። በውድድር የሚተዳደሩት የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች በረጅሙ ዱላ በአማካይ ከ270 ሜትር በላይ ሲመቱ፣ አር ኤንድ ኤ በብሪታንያ የለካቸው ወንድ አማተሮች አማካይ ግን ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ነበር፤ ብዙ አማተሮች የራሳቸው ርቀት ሲነገራቸው የሚደነግጡትም ለዚህ ነው።

ምት መዝጋቢው የሚያርመው ይህንን ነው። አርኮስ፣ ጋርሚንና የኤዲንብራው ሾት ስኮፕ በሚሠሩት ዓይነት፣ በየዱላው እጀታ ጫፍ ላይ ትንሽ ሴንሰር ወይም መለያ ይሰካል፤ ተጫዋቹ ሲመታም ሰዓቱ ወይም ስልኩ የትኛው ዱላ እንደተመዘዘና ምቱ የት ቦታ እንደሆነ በጂፒኤስ ይመዘግባል። የሚቀጥለው ምት የሚመዘገብበት ቦታ የቀደመው ማረፊያ ስለሆነ፣ የሁለቱ ልዩነት የምቱን ርዝመት ይሰጣል። ጨዋታዎች እየተደራረቡ ሲሄዱ መዝገቡ የእያንዳንዱን ዱላ የተለመደ ርቀት ብቻ ሳይሆን፣ ኳሷ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደምትበታተንም ያሳያል፤ ዱላ በማስተዋል መምረጥ የሚቻለውም ይህን ስርጭት ያወቀ ጊዜ ነው።

የመዝገቡ ከፍተኛ ጥቅም ግን የምት ትርፍ በሚባለው ስሌት ላይ ይታያል። ይህን ስሌት ያስፋፋው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ማርክ ብሮዲ ሲሆን፣ መነሻው ከእያንዳንዱ ርቀትና የሣር ዓይነት ላይ ኳሷን ለማስገባት በአማካይ ስንት ምት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ የፒጂኤ ቱር ተጫዋች ግሪን ላይ በ10 ሜትር ርቀት ሲቆም በአማካይ 2 ምት፣ በ2.4 ሜትር ርቀት ሲቆም 1.5 ምት ይፈልጋል። ከ10 ሜትር መትቶ 2.4 ሜትር የቀረው ሰው አንድ ምት ከፍሎ ግማሽ ምት ያህል ብቻ ስለተጠጋ ግማሽ ምት ከስሯል፤ ቀጥሎ ካስገባት ደግሞ 1.5 የሚጠይቀውን በአንድ ስለፈጸመ ግማሽ ምት አትርፏል። የተለመደው የውጤት ካርድ ሁለት ምት ብሎ ያልፈዋል፤ ስሌቱ ግን የተጫዋቹ ድክመት ርዝመትን በመመጠን ላይ እንጂ በአጭሩ ምት ላይ አለመሆኑን ይናገራል።

በረጅሙ ምትም እንዲሁ ነው። ከመነሻው 366 ሜትር የሚርቅ ጉድጓድ በአማካይ 3.99 ምት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምት ጉድጓዱ 91 ሜትር ሲቀረው ፌርዌይ በሚባለው በተስተካከለ ሣር ላይ ካረፈ የሚቀረው 2.80 ስለሆነ ትርፉ 0.19 ነው፤ በዚያው ርቀት ረዥም ሣር ውስጥ ከገባ ግን የሚቀረው 3.02 ስለሚሆን ትርፉ ጠፍቶ 0.03 ኪሳራ ይመዘገባል። ብሮዲ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 የተሰበሰበውን የፒጂኤ ቱር መረጃ በዚህ መንገድ መርምሮ፣ ምርጦቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ የሚበልጡበት ብልጫ 40 በመቶው ወደ ግሪን ከሚላኩ ምቶች፣ 28 በመቶው ከመነሻ ምቶች፣ 17 በመቶው በግሪን ዙሪያ ካሉ አጫጭር ምቶች፣ 15 በመቶው ብቻ ግሪን ላይ ከሚደረጉት እንደሚመጣ አሳይቷል። ገንዘብ የሚገኘው ግሪን ላይ ነው ይባል የነበረው የቆየ እምነትም በዚህ መሠረቱን አጥቷል። በአማተር እጅ ያለው መዝገብ ይህንኑ ምርመራ ለአንድ ተራ ተጫዋች ያደርግለታል፤ የትኛውን ምት መለማመድ እንዳለበት በግምት ሳይሆን በቁጥር ይነግረዋል።

መዝገቡ የተሠራበት ከፍታም መታወቅ አለበት። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ያን ያህል አይቋቋማትም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በሜክሲኮ ሲቲ ቻፑልቴፔክ ሜዳ፣ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተወዳደሩት ተጫዋቾች ኳሳቸው ከወትሮው በ10 በመቶ ገደማ ስለሚርቅ የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት እንደ አዲስ ማስላት ነበረባቸው። በተመሳሳይ ከፍታ በአዲስ አበባ የተመዘገበ ርቀትም ጅቡቲ ወይም ዱባይ ላይ አይሠራም።

ሴንሰር ገዝተው መጥፎ ምቶቻቸውን ከመዝገቡ የሚሰርዙ፣ የቅጣት ምት የማያስገቡና አጫጭሮቹን ምቶች መመዝገብ የሚታክቱ ሰዎች መሣሪያውን ከጥቅም ውጪ ያደርጉታል፤ የተቀነሰበት መዝገብ ትውስታቸው ይነግራቸው የነበረውን ያንኑ ስህተት ይደግማልና። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ተጫዋች አቅሙ ለአንድ ብቻ ከሆነ ምት መዝጋቢውን ያስቀድም፤ ሁሉንም ምት ሳይቀንስ ይመዝግብበት። እስከ ባንዲራው ያለውን ርቀት አብሮት ከሚጫወተው ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉም ይህን እንደ ምክር ስለማይቆጥረው አይከለክለውም።