የመርፌው ፕላስቲክና የፈለጁ ውሃ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በአቡ ዳቢ ግዛት ያለችው አል ዓይን ስሟን ያገኘችው ከምንጭ ነው። ዐረብኛውም «ዓይን» ሲል የምናይበትንም ውሃ የሚፈልቅበትንም ማለቱ ነው፤ እኛስ «ዓይነ ውሃ» እንል የለ? የመስኖ ቦያቸውን የሚጠሩበት «ፈለጅ» ደግሞ ከግዕዙ «ፈለግ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ከአቡ ዳቢ ከተማ ወደ ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ የደረሰ አበሻ ገና ከስሙ ዘመድ ያገኛል። በከተማዋ መካከል ያለው ኦአሲስ 1,200 ሄክታር ገደማ ይሰፋል፤ ወደ 147 ሺህ የሚደርሱ የቴምር ዛፎች ቆመውበታል፤ ከሥራቸው ማንጎ፣ ሙዝና በለስ ይበቅላል። ፀሐዩ አናት ሲበሳ ከመንገዱ ወጥቶ ጥላው ውስጥ የገባ ሰው፣ ትከሻው ሳያውቀው ሲላላ ይሰማዋል።

ታዲያ «ሰውን ከነአካባቢው እናክማለን፣ ምድርንም አንጎዳም» የሚለው ቃል በየአገሩ ከአኩፓንክቸር (የመርፌ ሕክምና) ባለሙያዎች አፍ በሚሰማበት በዚህ ዘመን፣ ቃሉን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ይከብዳል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከተፈጥሮ የመጣ ሕክምና ሁሉ ለተፈጥሮ ደግ ነውን? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ደግ ሊሆን ግን ይችላል፤ ሥራው በመርፌው ዙሪያ ያለውን ሁሉ መቁጠርን ይጠይቃል።

የኦአሲሱ የራሱ ታሪክ ያስተምራል። ቴምሩን ያጠጣ የነበረው ውሃ የወባ ትንኝም ያራባ ነበር። በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓት ኬኔዲና ማሪያን ኬኔዲ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ በአቡ ዳቢው ገዥ በሼክ ሻክቡትና በወንድማቸው በሼክ ዛይድ ጥሪ መጥተው በጭቃ ቤት ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ያን ጊዜ ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ፣ ከሚወልዱት እናቶችም ሲሶ ያህሉ ይሞቱ እንደነበር የሆስፒታሉ ታሪክ ይናገራል። ሆስፒታሉ ዛሬ ካናድ ይባላል፤ የአገሬው ሰው «ኬኔዲ»ን የጠራበት አጠራር ነው። አገሪቱ ከወባ ነጻ ተብላ በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት በ2007 ነው። ጥንቱን እንዳለ «ንጹሕ ጤና» አድርጎ የሚስል ሰው እነዚያን እናቶች መርሳት የለበትም።

ከዚያ በፊት ሕዝቡ ባዶ እጁን አልነበረም። «ሒጃማ» የሚሉት የእኛው ዋገምት ነው። በጋለ ብረት መተኮስ ነበር፤ ሰናመኪና የቁርቁራ ቅጠልም ነበሩ። መንግሥት ይህን እውቀት ወደ ጎን አልጣለውም። በ1990ዎቹ በአቡ ዳቢ በሼክ ዛይድ ስም የዕፀዋትና የባህላዊ ሕክምና ምርምር ተቋም ተቋቋመ፤ ኋላም ሒጃማና አኩፓንክቸር ፈቃድ ወደሚጠየቅበት ሙያ ገቡ። ዛሬ በአል ዓይን ሰውን በመርፌ ሊያክም የሚፈልግ ሰው የአቡ ዳቢ ጤና መምሪያን ፈቃድ መያዝ አለበት።

አኩፓንክቸር ከጸጉር ብዙም የማይወፍር የብረት መርፌ በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ መሰካት ነው። መድኃኒት አይገባም፣ ደም አይቀዳም። በ2016 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ የማይግሬን ራስ ምታትን ድግግሞሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል፤ የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋምም በ2021 ለሥር ሰደድ ሕመም ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። ለወገብ ሕመም ግን እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያው የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ስኳርን ወይም ካንሰርን እፈውሳለሁ የሚል ባለመርፌ ካጋጠመ፣ ምድርን ቢወድም ባይወድም፣ ከእሱ መሸሽ ነው።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንምጣ። በአንድ ቀጠሮ ከ10 እስከ 20 መርፌ ቢሰካ እያንዳንዱ አንዴ ተሰክቶ ይጣላል። መርፌው ብቻውን ቢሆን ብረቱ ኢምንት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ማስገቢያ ቱቦ፣ የፕላስቲክ እጀታና የፕላስቲክ መያዣ አብረውት ይመጣሉ። አቡ ዳቢ ሰኔ 2022 ላይ የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ ከረጢትን ስትከለክል ገበያተኛው ዘንቢሉን ይዞ መውጣት ለመደ፤ የክሊኒኩ ቅርጫት ግን እንደቀድሞው ይሞላል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «መርፌውን ቀቅለን እንደገና እንጠቀም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1984 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ከአንድ የአኩፓንክቸር ክሊኒክ ጋር በተያያዘ 35 ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ ተይዘዋል። የታካሚ ጉበት የቆሻሻ መቀነሻ ሊሆን አይገባም። መቀነስ የሚቻለው ሌላው ነው፦ ለአምስት ወይም ለአስር መርፌ አንድ ቱቦ ብቻ ያለው እሽግ መግዛት፣ ቱቦ የማይሻ እጅ ማሠልጠን፣ በፕላስቲክ ፈንታ የብረት እጀታ መምረጥ፣ ወረቀቱን ከስለቱ መለየት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ቆሻሻ 85 በመቶው እንደ ቤት ቆሻሻ ያለ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጣሉ ሁሉም አደገኛ ይሆንና ሁሉም ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። በሚገባ የለየ ባለሙያ፣ ግድግዳው ላይ የቅጠል ሥዕል ባይሰቅልም፣ ሥራውን ሠርቷል።

ከመርፌው ጎን የሚቀርበው ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ቻይናውያን ሞክሳ የሚሉት የሚጨስ ቅጠል ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር የአንድ ወገን ነው፤ እሱ ብዙ አያከራክርም፣ ክፍሉ አየር ካለው። አህያ ግን ሌላ ነው። ከቆዳዋ ተቀቅሎ የሚወጣው «ኢጂያኦ» የተባለ ሙጫ በዚያው ሕክምና ውስጥ ለደም ማነስ ይሰጣል። በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝብ ተቆጥቶበት በሳምንታት ውስጥ ሲዘጋ ያየን ሰዎች ጉዳዩን ከሩቅ አንሰማውም፤ ውሃና እንጨት የምትሸከምላት አህያ የጠፋችባት እናት ሸክሙን በጀርባዋ ትወስዳለች፣ የወገብ ሕመሙም ከዚያ ይጀምራል። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የአህያ ቆዳ ንግድን ከልክሏል። ቻይናም ራሷ በ2020 የፓንጎሊን ቅርፊትን ከመድኃኒት መዝገቧ አውጥታለች። ባለመርፌው ከመርፌው ሌላ ምን እንደሚያዝዝ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

በእኛ አገር አኩፓንክቸር ከቻይና የሕክምና ቡድኖች ጋር ቆይቷል፤ ቡድኖቹ ከ1974 ጀምሮ ይመላለሳሉ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሠራሉ። እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው፦ ስለቱ የት ይወድቃል?

አል ዓይን ግን ከሁሉ በፊት የውሃ ጥያቄ አለባት። 3,000 ዓመት ገደማ የተጓዘው የፈለጅ ጥበብ፣ ዩኔስኮ በ2020 ከማይዳሰሱ ቅርሶች የመዘገበው፣ ውሃን ለየባለድርሻው በጊዜ እየለካ ያካፍል ነበር። የከርሰ ምድሩ ውሃ ሲሸሽ ፈለጆቹ በራሳቸው መፍሰሱን አቆሙ። ዛሬ ቦዩ ውስጥ የሚንሿሿው ውሃ በጉድጓድ ፓምፕ የሚደገፍ ነው። ማታ ማታ አንሶላና ፎጣ የሚያጥበው ክሊኒክ የሚጠጣውም አብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ፣ ብዙ ኃይል ፈጅቶ የመጣ ነው። ፎጣውን በልክ መጠቀም፣ ልብሱን ሙሉ ማሽን ጠብቆ ማጠብ ስሙ የማያምር ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከክሊኒኩ መብራትና ሽቶ ይልቅ እሱን አከብራለሁ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለማን ነው? በአቡ ዳቢ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና መድን የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ብዙ መሠረታዊ የመድን ውሎች ግን አኩፓንክቸርን በስም ጠቅሰው ከሽፋን ያወጣሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ወለል ስትወለውል የዋለች እህታችን ወገቧን ብትታመም መርፌው ከደመወዟ ይቆረጣል። ኦአሲሱ ግን መግቢያ አያስከፍልም። የእረፍት ቀኗ ሲደርስ ከቴምሩ ሥር ካለው ጠባብ መንገድ ገብታ፣ ቦዩ አጠገብ ጫማዋን አውልቃ መቀመጥ ትችላለች።