በታላቅ ስም ቤት ያለ ዝቅተኛ ወንበር ለጀማሪ ሕግ ዐዋቂ ይበጀዋልን?

አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ተምሮ፣ የመውጫውንም ፈተና አልፎ ለተመረቀ ወጣት ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ቢከፈቱለት በየትኛው ይግባ? አንደኛው በር በደብረ ብርሃን ነው። በከተማው ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ «የሕግ አገልግሎት ኃላፊ» የሚል ማዕርግ፣ የራሱን ክፍልና ደኅና ደመወዝ ያቀርብለታል። ሁለተኛው በር በአዲስ አበባ ነው። ስሙ በንግዱ ዓለም የታወቀ የጥብቅና ድርጅት «ረዳት» ብሎ ሊቀጥረው ይፈቅዳል፤ ሥራውም መዝገብ ማገላበጥ፣ ረቂቅ መጻፍና ነባር ጠበቆችን ተከትሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ነው፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይ የሚተርፍ እምብዛም አይደለም። አባት «ልጄ ኃላፊ ሆነ» መባልን ይወዳል። የትምህርት ጓደኞቹ ደግሞ የታላቁን ድርጅት ስም ያደንቃሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት ስምን ነው። መመዘን የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ወጣቱ የጻፈውን ረቂቅ ተመልክቶ የሚያርመው ሰው መኖሩ ነው።

ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም የነጋዴውንም ኪስ የሚነካ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ቀድሞ የምትታወቀው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፤ በኋላ ግን የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምረውላታል፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም ዩኒቨርሲቲ አላት። ፋብሪካ በበዛበት ውል ይበዛል። ከአንኮበርና ከአካባቢው ገብስ ሰብስቦ የሚያስረክበው ነጋዴ፣ መጋዘን አከራዩ፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ ወኪል አከፋፋዩ፣ ዋስ የሚሆነው ባንክ ሁሉም በወረቀት ይተሳሰራሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ስለሚደነግግ፣ ጀማሪው ሳያስተውል የጻፋት አንዲት መሥመር በአሠሪው ላይ ሕግ ሆና ትቀራለች።

ምሳሌ እናንሣ። አንድ ነጋዴ መጋዘን ገዝቶ ውሉን በሁለት ምስክሮች ፊት በደንብ አስጽፎ ያስቀምጣል። አንቀጽ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ከመሆኑም በላይ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ነጋዴው «ውልና ማስረጃ» ሳይደርስ ቢቀር ገንዘቡን ከፍሎ ከክርክር ላይ ይወድቃል። የገንዘብ ጥያቄም እንዲሁ ነው። በአንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነለት በቀር፣ ከውል የሚነሣ ጥያቄ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። እነዚህን አንቀጾች ተማሪ ሁሉ በመጽሐፍ ያውቃቸዋል። በተግባር ላይ የሚያስታውሳቸው ግን ቀድሞ የተሳሳተና የታረመ ሰው ነው። አራሚ የሌለው «ኃላፊ» ስሕተቱን የሚያውቀው ፍርድ ቤት ከነገረው በኋላ ነው፤ ኪሣራውንም የሚከፍለው አሠሪው ነው።

የንግዱ ሕግ ራሱ በቅርብ ጊዜ ተለውጧል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የያዛቸው ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል፤ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ቼክ የመሳሰሉት ክፍሎች ግን በአዲሱ ሕግ አልተተኩም። ስለዚህ ጀማሪው ከአሮጌው ሕግ የትኛው እንደ ቀረ፣ የትኛው እንደ ተነሣ ለይቶ የሚያሳየው ነባር ባለሙያ ከምን ጊዜውም ይልቅ ያስፈልገዋል።

ማዕርጉም ቢሆን ዋጋ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 «የሥራ መሪ» የሚባለውን ሰው ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርገዋል፤ በአስተዳደር ጉዳይ ለአሠሪው በራሱ ግምት የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበውን የሕግ አገልግሎት ኃላፊም ከሥራ መሪዎች ይቈጥረዋል። ይህ ማለት ወጣቱ «ኃላፊ» በተባለ ማግሥት ለተራው ሠራተኛ ከተደነገገው የስንብት ጥበቃ ሊወጣ፣ ተስፋውም በፈረመው ውልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ረዳቱ ግን ሠራተኛ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳያልፍ ሕጉ ይወስንለታል። ከሥር ያለው ወንበር ከላይኛው ይልቅ የጸና መሠረት የሚያገኝበት ጊዜ አለና፣ አባትም ልጅም ይህን ሳያውቁ መምረጥ አይገባቸውም።

ዐዋቂ ሆኖ እንደ ገና ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ በአንድ ጉባኤ ተቀኝቶ ከተመሰገነ በኋላ እንኳ የዋሸራን፣ የጎንጅን ወይም የዋድላን መምህር ዝና ሲሰማ አኩፋዳውን አንግቶ ይሄዳል፤ ደርሶም በማያውቁት ሰዎች መካከል ከኋላ ይቀመጣል። ይህን የሚያደርገው የመምህሩን ስም ለመሸከም ሳይሆን ቅኔው እንዲታረምለት ነው።

ከውጭው ዓለም ለነጋዴ የሚስማማው ምሳሌ የጋንዲ ነው። ሞሐንዳስ ጋንዲ በ1883 ዓ.ም. በለንደን የጥብቅና ማዕርግ አግኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ነገር ግን በቦምቤ ፍርድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በቆመ ዕለት ምስክር መጠየቅ አቅቶት አፍሮ ወጣ። በ1885 ዓ.ም. ዳዳ አብደላ የተባለ የሕንድ ነጋዴ ቤት በደቡብ አፍሪካ ላለበት ክርክር ለአንድ ዓመት በ105 ፓውንድ ቀጠረው። ተከራካሪ ጠበቃ ሆኖ ሳይሆን ለነጋዴው ጠበቆች ጉዳዩን የሚያስረዳ አገልጋይ ሆኖ መሄዱ ስለ ነበረ፣ ማዕርጉን ላሰበ ሰው ውርደት ነበር። ይሁን እንጂ የ40,000 ፓውንዱ ክርክር የሒሳብ ክርክር ነበረና ጋንዲ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተማረ፤ ተከራካሪዎቹ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን አይቶም በግልግል ዳኛ እንዲጨርሱ አደረገ፤ ተረቺውም እንዳይከስር ዕዳውን በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል ረቺውን አግባባ። የጥብቅናን ሥራ የተማረው በዚያ ዝቅተኛ ሥራ ላይ ነው።

ከራሳችን ሰዎች ደግሞ ቤተ ሰባቸው ከሰሜን ሸዋ፣ ከቡልጋ የሆነው ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይጠቀሳሉ። በፈረንሳይ አገር ሕግ ተምረው፣ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በፓሪስ የኢትዮጵያ ለጋሲዮን ያገለግሉ ነበር። ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመት የያዙት ማዕርግ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትርነት ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በተፈረመበት በሳን ፍራንሲስኮው ጉባኤ የተገኙት በዚሁ ማዕርግ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት በ1953 ዓ.ም. ነበር። «ምክትል» የሚለው ቃል ሥራቸውን አላሳነሰውም፤ ሥራው ከእጃቸው ይደርስ ነበርና።

ከዚህ ተነሥቶ ዝቅተኛ ወንበር ሁሉ መልካም ነው ማለት ግን አይገባም። ታላቅ ስም ባለው ቤት ሁለትና ሦስት ዓመት ወረቀት ሲያባዛና ቀጠሮ ሲያስመዘግብ የሚቆይ ረዳት ተላላኪ ሆኖ ይወጣል፤ የቤቱ ስም በማስረጃው ላይ ቢጻፍም ዕውቀቱ አብሮ አይጻፍም። ስለዚህ ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን በትሕትና ይጠይቅ። አንደኛ፣ የሚጽፈውን ረቂቅ በስም የታወቀ ነባር ጠበቃ ያርምለታልን? ሁለተኛ፣ የንግድ ውል፣ የግብርና የባንክ ጉዳይ ከእጁ ይደርሳልን? ሦስተኛ፣ የጥብቅና ፈቃድ ለዲግሪ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን የሥራ ልምድም የሚጠየቅበት ስለ ሆነ፣ ይህ አገልግሎት በልምድነት ይቈጠርለታልን? አራተኛ፣ ከረዳትነት ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው መቼና በምን መመዘኛ ነው? ይህ አራተኛው ጥያቄ ቀድሞ መልስ አልነበረውም፤ ፈቃዱ ለግለሰብ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ ረዳቱ የሚወጣበት መሰላል አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በሽርክና ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ ግን የዛሬው ረዳት የነገ ሸሪክ ለመሆን የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል።

ለደብረ ብርሃን ነጋዴዎችም የሚተርፍ ምክር አለ። ልጆቻችን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ ብሎ ማማረር ብቻውን አይጠቅምም፤ ለጀማሪ ባዶ ማዕርግ መስጠትም አይጠቅምም። አንድ ድርጅት ብቻውን ባይችል ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ነባር ጠበቃ በወር ክፍያ ቢይዙ፣ ተመራቂውንም «ረዳት ነገረ ፈጅ» ብለው ከእርሱ በታች ቢያሠሩት፣ ወጣቱ ከአገሩ ሳይወጣ ይማራል፤ ውላቸውም ሁለት ዐይን ያየው ይሆናል። ደመወዙ ከኃላፊ ደመወዝ ቢያንስ እንኳ ባልታረመ ውል ምክንያት ከሚከፈለው ኪሣራ ጋር ሲነጻጸር ትርፍ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው። አራቱ ጥያቄዎች ተገቢ መልስ ካገኙ ወጣቱ በታላቁ ቤት ያለውን ዝቅተኛ ወንበር ያለ ኀፍረት ይቀበል፤ አባትም ለጥቂት ዓመታት የቤት ኪራዩን ቢደግፈው እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቍጠረው። መልስ ካላገኙ ግን የቤቱ ስም ምንም ያህል የከበረ ቢሆን ይለፈው፤ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ስፍራ ረቂቁን የሚያርምለት ሰው ወዳለበት ይሂድ።