አንገታችሁን እሹት እንጂ አታስጠምዝዙት



የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከበበቃ የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ዶክተር፣ አንገቴ ተይዟል። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ወይስ ወጌሻ ጋ ልሂድ?» ዛሬ ይህንኑ እንመልከት።

ለምን ይያዛል?

አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። የሚሸከሙት ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቡና ለቃሚው ቅርንጫፍ ለመሳብ ቀና እንዳለ ይውላል፤ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና የምትለቅመው ደግሞ አቀርቅራ። 60 ኪሎ ጆንያ የሚሸከመውማ አይነሳ! እኛ ከተሜዎቹስ? የኒውዮርኩ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኬኔት ሃንስራጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ስልክ ለማየት 60 ዲግሪ ስናቀረቅር አንገታችን ላይ የሚያርፈው ጫና 27 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ጆንያ ሊሞላ ምን ቀረው?

ብዙ ጊዜ የሚያመን የደከመው ጡንቻ ነው። ስለዚህ መታሸት ያለበትም ጡንቻው ነው፣ አጥንቱ አይደለም።

እንዴት እንሸው?

1. ፎጣ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና አንገታችሁና ትከሻችሁ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩት። እንዳያቃጥላችሁ!

2. ቁጭ ብላችሁ ትከሻችሁን ዘና አድርጉ። በቀኝ እጃችሁ፣ አንገትንና የግራ ትከሻን የሚያገናኘውን ወፍራም ጡንቻ ቀስ ብላችሁ ጨበጥ ለቀቅ አድርጉት። ከ2 ደቂቃ በኋላ በሌላኛው በኩል ድገሙት።

3. ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ በጣት ጫፍ እያዞራችሁ እሹ። መሃል ያለውን አጥንት አትጫኑት።

4. ልጆች የሚጫወቱበትን የካልሲ ኳስ በግድግዳና በትከሻችሁ ጀርባ መካከል አድርጋችሁ ተደገፉት። የሚያመው ቦታ ላይ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቆዩ።

5. በመጨረሻ ሳታቀረቅሩ አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡት፣ 5 ሴኮንድ ያዙት፣ ልቀቁት። 10 ጊዜ ይበቃል።

«እሰይ» የሚያሰኝ ህመም ችግር የለውም። የሚወጋ ወይም ወደ እጅ የሚወርድ ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙ።

ይህን በፍጹም አታድርጉ

የአንገትን የፊት ጎን አትጫኑ፤ ወደ አንጎል የሚሄድ ትልቅ የደም ሥር አለ። ማንም ሰው አንገታችሁን በድንገት እንዲጠመዝዝ አትፍቀዱ። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ አንገት ግን እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፉ የደም ሥሮች ሊቀደዱና ስትሮክ ሊያስከትሉ ይችላሉ። «ቀጭ» ሲል መስማታችሁም አጥንት ገባ ማለት አይደለም።

እነዚህ ካሉ ማሸት ይቅርና ወደ ሐኪም!

• እጅ መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ
• አረማመድ መበላሸት፣ ሽንት አለመቆጣጠር
• ከመውደቅ፣ ከአደጋ ወይም ከጆንያ መጫን በኋላ የመጣ ህመም
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ (የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል)

እዚያው አካባቢ ላላችሁ፣ ሚዛን አማን ላይ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

ማሸት ፋታ ይሰጣል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። ሸክሙን አካፍሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቀና በሉ፣ ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉ።

ቡና ለቀማ ላይ ላለ ዘመዳችሁ ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!