የኪቢሽ አጥንትና የጂንካ ክርስቲያኖች

ጂንካ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ አዝጋሚ ለውጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ ሌላ ጊዜ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚያንጎላጀው ተማሪ ሳይቀር ቀና ይላል። «ቲቸር፣ እርስዎ ግን ያምኑበታል?» የሚል አይጠፋም። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ልጅ መሆኔን ያውቃሉ፤ አጎቴ በአሪ መንደሮች እየዞረ ወንጌል ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከፊት የምትቀመጥ የካቶሊክ ልጅ፣ «እኛ ጋ እኮ አባ ችግር የለውም ብለውናል» አለች። ክፍሉ ዞሮ አፈጠጠባት። አንዱ ከኋላ፣ «እናንተማ መጽሐፍ ቅዱስ አታነቡም!» አላት።

ልጁ ተሳስቷል። ካቶሊኮች ያነባሉ፤ እንዲያውም መጽሐፋቸው 73 ነው፣ የእኛ የፕሮቴስታንቶቹ 66፣ የኦርቶዶክሱ ደግሞ 81። ግን ንግግሩ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ነበረች። በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ያለው ጠብ ማን ያነባል ሳይሆን የተነበበውን ማን ይፈታል የሚል ነው። የሳይንሱም ነገር የሚበየነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ክርክሩ ከሌላ ከተማ ይልቅ እኛ ዘንድ ይከርራል፤ አጥንቱ የተገኘው በደጃችን ነውና። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ የኬንያ ቡድን በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ ላይ የሰው ራስ ቅል ስብርባሪ አገኘ። «ኦሞ አንድ» ተባለ። ዓይኑን የጣለበት ካሞያ ኪሜው የሚባል ኬንያዊ ነው፤ ቅሪተ አካል በመፈለግ ወደር አልነበረውም ይባላል። ዕድሜው መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ተገመተ፤ በ2005 195 ሺህ ተባለ፤ በ2022 ሴሊን ቪዳል የምትመራው ቡድን ቢያንስ 233 ሺህ ነው አለ። «አያችሁ፣ አንድ ቦታ አይረጉም» የሚል ሰባኪ ሰምቻለሁ። እሱ ያላየው ቁጥሩ የተለወጠበትን ምክንያት ነው።

የተለካው አጥንቱ አይደለም። ከአጥንቱ በላይ ከሁለት ሜትር በላይ የሚወፍር የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። ተመራማሪዎቹ የአመዱን ቅንብር ሲመረምሩ በስምጥ ሸለቆ ከሻላ ከፈነዳው እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመላቸው። ሻላ ሄደው ድንጋዩን ለኩ። እዚያ ድንጋይ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከበረደ በኋላ ግን ውስጡ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን መለካት ድንጋዩ ከበረደ ስንት ዘመን እንደሆነ ማወቅ ነው። 233 ሺህ ወጣ፤ ስሕተት ቢኖር 22 ሺህ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ። አመዱ ይህን ያህል ከኖረ፣ ከሥሩ የተቀበረው ሰው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ለዚህ ነው «ቢያንስ» ያሉት።

ከዚህ አጠገብ የአባቶቻችንን ቁጥር አስቀምጡት። በሀገራችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጠራል። አየርላንዳዊው የፕሮቴስታንት ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ግን በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት 4004 ዓመት በፊት ነው አለ። ሁለቱም የመጽሐፍ ቅዱስን የትውልድ ሐረግ ደምረው ነው። 1500 ዓመት ያህል የተለያዩት አንዱ የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ንባብ፣ ሌላው የዕብራይስጡን ስለተከተለ ነው። «መጽሐፍ ቅዱስ ያለውን ብቻ» የሚለኝ ተማሪ ሲመጣ፣ የትኛውን ድምር እንደሚመርጥ እጠይቀዋለሁ።

ያቺ የካቶሊክ ልጅ «አባ ችግር የለውም ብለውናል» ስትል፣ አባ ያሉት ከልባቸው አፍልቀው አይደለም። በ1950 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ለመላው ቤተ ክርስቲያን በጻፉት መልእክት፣ የሰው አካል ከቀደመ ሕያው ፍጥረት መጥቶ እንደሆነ ሊቃውንት መመርመር ይችላሉ፤ ነፍስን ግን እግዚአብሔር በቀጥታ ይፈጥራል አሉ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ንድፈ ሐሳቡ ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን መሰከሩ። በሐመር ዲመካም ሆነ በኛንጋቶም የሚያገለግል የካቶሊክ ካህን ከዚህ የተለየ በይፋ ሊያስተምር አይችልም። አስተማሪው ወንበር አንድ ነው።

ፈቃዱ ግን ገደብም አለው። ፒዮስ የሰው ዘር ከብዙ የመጀመሪያ ወላጆች ነው የሚለውን አሳብ አልተቀበሉም፤ የአዳም ኃጢአት ለሁሉ መተላለፉ ይናጋል ብለው ነው። የዘረ መል ሊቃውንት ደግሞ ዛሬ ስለ ብዙ ሺህ ቀደምት ሰዎች እንጂ ስለ ሁለት ሰዎች አያወሩም። የካቶሊክ መምህራን በዚህ ላይ አሁንም ይነጋገራሉ።

ስለዚህ ካቶሊክ ሳይንስ ወዳጅ፣ ፕሮቴስታንት ሳይንስ ጠል የሚል ተረት አልቀበልም። ኮፐርኒከስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ መጽሐፉ በ1543 እንዲታተም ጎትጉቶ ያሳመነው ግን ከሉተር ከተማ ከዊተንበርግ የመጣ ሬቲከስ የሚባል ወጣት መምህር ነው። ያንኑ መጽሐፍ በ1616 ያገደችው ሮም ናት፤ በ1633 ጋሊሊዮን ያስካደችውም እሷው። የፈረንሳዩ ኢየሱሳዊ ካህን ቴያር ደ ሻርዳን በ1929 ድሬዳዋ አጠገብ ባለ ዋሻ የጥንት ሰው መሣሪያ ካገኙት አንዱ ነው፤ ስለ አዝጋሚ ለውጥ የጻፋቸውን ዋና መጻሕፍት ግን አለቆቹ በሕይወት ዘመኑ እንዳይታተሙ ከለከሉት። አንድ ወንበር ሲከፍት ለሁሉ ይከፍታል፤ ሲዘጋም ለሁሉ ይዘጋል።

እኛ ጋ ደግሞ የሚከፍትም የሚዘጋም የለም። ሉተር በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት ሕሊናዬ በእግዚአብሔር ቃል ታስሯል ብሎ ሲቆም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ሁሉ እንደሱ መቆም እንደሚችል ፈቀደ። የሰው ዘረ መል ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ አዝጋሚ ለውጥን ይቀበላል። በ1961 የኖኅን የጥፋት ውኃ የድንጋይ ንብርብር ሁሉ ምንጭ አድርገው የጻፉት ዊትኮምና ሞሪስም ወንጌላውያን ናቸው። ጂንካ ላይ አንዱ ሰባኪ ስድስቱ ቀን በሰዓት የተቆጠረ ነው ሲል፣ ሌላው ቀን ማለት ዘመን ነው ይላል። ሁለቱም ወንጌላውያን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን የሚያስቆምበት ሥልጣን የለም። በ2007 ቆጠራ በያኔው ደቡብ ክልል ፕሮቴስታንቱ 55.5 በመቶ፣ ካቶሊኩ 2.4 በመቶ ነበር። ያቺ ልጅ በክፍሉ ብቻዋን የቆመችው ለዚህ ነው፤ ከጀርባዋ የነበረው ግን አንድ ትምህርት ነው። ከእኛ ጀርባ ያለው የሰባኪው ብዛት ነው።

በካቶሊክና በፕሮቴስታንት መካከል ያሉትን ሌሎቹን ልዩነቶች፣ የጳጳሱን ሥልጣን፣ ቁርባኑን፣ የማርያምን ምልጃ፣ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ትልቁ ጠብ ሰው በምን ይጸድቃል የሚለው ነበር። በእሱ ላይ ግን ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ኦክቶበር 31 ቀን 1999 አውግስቡርግ ላይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። መካነ ኢየሱስ የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ይህን የሰማ ምእመን ግን እዚህ ብዙም አላጋጠመኝም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጎረቤታችን የማሌ ሕዝብ ታሪክ ነው። ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ሰዎች በአሪ ባኮ፣ በማሌም ሲሠሩ፣ በሀገራቸው ዘመናዊ አስተሳሰብን ከሚቃወመው ወገን ነበሩ። አሜሪካዊው የሰው ጥናት ሊቅ ዶናልድ ዶንሃም ስለ ማሌ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1999 በታተመው፣ ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች በተቃራኒው እንደ ዘመናዊነት መልእክተኛ እንደተቀበላቸው ያሳያል። መርፌና ትምህርት ቤት ይዘው ነው የመጡት። በአብዮቱ መጀመሪያም የማሌ ወንጌላውያን ወጣቶች ከተማሪ ዘማቾቹ ጋር የድሮውን ሥርዓት ሲጥሉ ተሰለፉ፤ ኋላ ደርግ ዞሮ ቤተ ክርስቲያናቸውን ዘጋባቸው። እኔም ኤ፣ ቢ፣ ሲን የቆጠርኩት በዚያው ሚሲዮን ዘመን የተማሩ ሰዎች ባቆሙት ክፍል ነው። ልጅ ትምህርት እንዲወድ ያደረገች ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱ ኪቢሽ ላይ ሲደርስ አቁም ማለቷ አይገባኝም።

ለተማሪዎቼ የምመልሰው ይህን ነው፦ አዎን፣ አምናለሁ፣ በእግዚአብሔርም፣ በአርገኑም ልኬት። አውግስጢኖስ፣ ሉተርም ሮምም የሚያከብሩት አፍሪካዊ አባት፣ ከ1600 ዓመት በፊት ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲናገር ያላመነውን ያስቃል፣ መጽሐፉንም ያስንቃል ብሎ አስጠንቅቋል። ሁለቱ ወገኖች ሳይለያዩ የነበራቸው መምህር ነው።

ለቃለ ሕይወት፣ ለሙሉ ወንጌልና ለመካነ ኢየሱስ ሽማግሌዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ልጆቻችን ነገ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ወይም አርባ ምንጭ ገብተው ይህንኑ ልኬት መማራቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን ምረጡ የተባሉት ወይ ቤተ ክርስቲያኑን ይተዋሉ፣ ወይ ለፈተና ሸምድደው ይረሱታል። ለወጣቶች ኮንፈረንስ ዘማሪና ሰባኪ ስትጠሩ፣ የሚያምን አንድ የጂኦሎጂ መምህርም ጨምሩና መድረክ ስጡት፤ ልጆቹም የፈለጉትን ይጠይቁት።